ለስካይሪም ሞዶች ማናጀር ልመርጥ ነው፦ ቮርቴክስ ወይስ ሞድ ኦርጋናይዘር?

ናቲ ሳሪስ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለውን ጌም ስቲም ላይ (ጌም መግዣና ማስነሻ ፕሮግራም) ይዤ እየተጫወትኩ ነው። እስካሁን ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) የምጭነው ያለ ማናጀር ፕሮግራም በእጄ ነበር። ኔክሰስ ሞድስ ከሚባለው የሞድ ድረገጽ አወርዳለሁ፣ ዚፑን እፈታለሁ፣ ጌሙ ያለበት ዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ እገለብጣለሁ። አሁን የትኛው ፋይል የየትኛው ሞድ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። አንዱን ላጥፋ ስል ሌላው ይበላሻል። ዋይትራን ከተማ ልገባ ስልም ጌሙ ራሱን ይዘጋል።

ሁኔታዬ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ያለ ሞድ መጫወት ነው የሚፈልገው። ዊንዶውስ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው፣ ትንሽ ኤስኤስዲ ነው። ጌሙ ዲ ላይ ነው። ኔት በጥቅል ስለምገዛ አንድን ነገር ሁለቴ ማውረድ አልፈልግም። መጫን ያሰብኩት ስልሳ የሚሆን ሞድ ነው፤ በብዛት ቴክስቸር (የነገሮች ገጽታ ምስል)፣ የአየር ሁኔታ፣ ስካይዩአይ (የጌሙን ሜኑ የሚያሻሽል) እና ጥቂት አዳዲስ ተልእኮዎች።

ዩቲዩብ ላይ አንዱ ኔክሰስ ሞድ ማናጀር ይላል፣ ሌላው ቮርቴክስ፣ ሌላው ሞድ ኦርጋናይዘር። የትኛውን ልያዝ? ምክንያቱንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቢኒ ሻርጃ

ናቲ፣ መጀመሪያ ኔክሰስ ሞድ ማናጀርን እርሳው። የድሮ ነው፤ ኔክሰስ ራሱ ትቶት በቮርቴክስ ተክቶታል። እሱን የሚያሳይ ቪዲዮ ካገኘህ የቆየ ቪዲዮ ነው ማለት ነው፣ እለፈው።

እኔ ቮርቴክስ እላለሁ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኔክሰስ ላይ ማውረጃውን ስትነካ ራሱ ይቀበላል፣ ይጭናል፣ ያበራል። የፕለጊኖቹን (ሞዶቹ ለጌሙ የሚሰጧቸው የመረጃ ፋይሎች) ቅደም ተከተል ሎት በሚባለው ፕሮግራም በኩል ራሱ ያስተካክልልሃል። ሁለት ሞዶች አንድ ፋይል ላይ ከተጣሉ ምልክት ያሳይህና የትኛው ይቅደም ብሎ ይጠይቅሃል። ደግሞ ስካይሪም ብቻ አይደለም፤ ዊቸር 3፣ ሳይበርፐንክ፣ ስታርዱ ቫሊ፣ ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም ትይዛቸዋለህ።

ያንተ ጌም ዲ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ልብ በል። ቮርቴክስ ሞዶቹን የሚያስቀምጥበት የራሱ ፎልደር አለው። ከዚያ ወደ ጌሙ ፎልደር በሃርድ ሊንክ ያገናኛቸዋል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ያለው አንዴ ነው፤ ሁለት ቦታ ይታያል እንጂ ቦታ አይደግምም። ይሄ የሚሠራው ግን ሁለቱ ፎልደሮች አንድ ድራይቭ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሳትነካው ከተውከው ሲ ላይ ሊያስቀምጠው ስለሚችል ላይሠራልህ ይችላል። ገና አንድም ሞድ ሳትጭን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ወደ ዲ አዙረው። ያኔ ትንሹ ኤስኤስዲህም አይሞላም።

ሄለን ሲልቨር ስፕሪንግ

ቢኒ የቮርቴክስን ነገር በትክክል አስቀምጦታል። ለናቲ ግን ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ይሻለዋል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ወንድሙ ነው።

ሞድ ኦርጋናይዘር ዳታ ፎልደር ውስጥ ምንም አያስገባም። እያንዳንዱን ሞድ በየራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። ጌሙን ከፕሮግራሙ ውስጥ ስታስነሳው ለዚያ ጊዜ ብቻ ሞዶቹ ዳታ ውስጥ ያሉ አስመስሎ ለጌሙ ያሳየዋል። ሶፋ ላይ ዳንቴል እንደማልበስ ነው፤ ሲነሳ ሶፋው እንደነበረ አለ። ሞድ ማጥፋት ስትፈልግ ምልክቱን ታነሳለህ፣ አለቀ። የሌላው ሞድ ፋይል አይነካም። አሁን የተቸገርክበት ነገር እዚህ ጋ አይፈጠርም።

ከዚያ ፕሮፋይል የሚባል አለ። ለአንተ አንድ፣ ለወንድምህ አንድ ትከፍታለህ። በአንተ ላይ ስልሳውን ሞድ ታበራለህ፣ በእሱ ላይ ምንም። ፕሮፋይሉን ስትፈጥር ሴቭ ፋይሎቹና የጌሙ ሴቲንግ ለየብቻ እንዲሆኑ የሚያደርጉ ምርጫዎች አሉ፤ ሁለቱንም አብራቸው። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰልህ። በሞድ የተሠራን ሴቭ ወንድምህ ያለ ሞድ ከፍቶ በላዩ ሴቭ ቢያደርግበት ገጸ ባህሪህ የያዘው ዕቃ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮፋይል ቮርቴክስም አለው፤ ግን እዚያ በቀየርክ ቁጥር ፋይሎቹን ነቅሎ እንደገና ማገናኘት አለበት።

ፋይል የሚጣላበትም ጉዳይ እዚህ በዓይን ይታያል። በግራ በኩል የሞዶቹ ዝርዝር አለ፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን ይሸፍናል። ሁለት የመንገድ ቴክስቸር ካለህና የሁለተኛውን ከወደድከው ጎትተህ ከታች ታደርገዋለህ። በቀኝ ያለው የፕለጊኖቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለቱን አታምታታቸው። የግራው ስለ ፋይሎች ነው፣ የቀኙ ጌሙ መረጃውን ስለሚያነብበት ተራ።

አስቸጋሪ ጎኑንም ልንገርህ። ጌሙንም ሆነ ሌሎች ረዳት ፕሮግራሞችን ሁልጊዜ ከሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ ማስነሳት ግድ ነው። ኤስኤስኢኤዲት የሚባለውን የፕለጊን ማረሚያ ለብቻው ከዴስክቶፕ ከከፈትከው አንድም ሞድ አያይም። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው።

የሚገርመው የሁለቱም መነሻ አንድ ሰው ነው። ታኒን በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራመር መጀመሪያ ሞድ ኦርጋናይዘርን ሠራ፤ በኋላ ኔክሰስ ቀጥሮት ቮርቴክስን ሠራ። ስለዚህ ሁለቱም አስበው የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ የማን አኗኗር ከየትኛው ጋር ይሄዳል የሚለው ነው።

ናቲ ሳሪስ (ጠያቂ)

ሄሉ በጣም አመሰግናለሁ፣ ቢኒም እንዲሁ። ለሁለት ሰው የሚመቸው ሞድ ኦርጋናይዘር ይመስላል። ግን አሁን ዳታ ውስጥ የተዝረከረከውን ምን ላድርገው? ጌሙን አጥፍቼ እንደገና ላውርድ ካልኩ ጥቅሌ አይበቃም።

አቤል አዳማ

ጌሙን ማጥፋት አያስፈልግህም። ስቲም ላይ የጌሙን ፋይሎች የማረጋገጫ ምርጫ አለ። የጎደለውንና የተለወጠውን ብቻ መልሶ ያወርዳል፤ ሙሉውን አይደግምም። ችግሩ ትርፍ ፋይል አያጠፋም። በእጅህ የጨመርካቸው እዚያው ይቀራሉ፤ ስለዚህ እነሱን ቀድመህ አንተ ታጸዳለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳታ ውስጥ በስካይሪም ስም የሚጀምሩትን ትልልቅ ቢኤስኤ ፋይሎች አትንካ፤ ዋናው የጌሙ ክብደት እነሱ ናቸው። ስካይሪም፣ አፕዴት፣ ዶውንጋርድ፣ ሃርትፋየርስ እና ድራጎንቦርን የሚሉትን አምስት ዋና ፋይሎችም ተዋቸው። ቪዲዮ የሚለው ፎልደርም የጌሙ ነው። በሁለት ሲ ፊደል የሚጀምሩ ፋይሎች ካየህ ከክሪኤሽን ክለብ (ከጌሙ ሠሪ ከቤተዝዳ የተጨማሪዎች ስብስብ) የመጡ ናቸው፣ ይቆዩ። ሜሺስ፣ ቴክስቸርስ፣ ስክሪፕትስ፣ ኢንተርፌስ የሚሉት ፎልደሮች ግን ከሞድ የመጡ ናቸው። እነሱንና አንተ የጨመርካቸውን ፕለጊኖች ቆርጠህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ከዚያ ስቲም ያረጋግጥልህ። በስህተት የጌሙን ፋይል ብታነሳ እንኳ ያንን ብቻ ያወርደዋል።

ያወረድካቸው ዚፖች አሁንም ካሉህ እንደገና አታውርዳቸው። ሞድ ኦርጋናይዘር ከኮምፒውተርህ ላይ ዚፕ መርጠህ እንድትጭን ይፈቅዳል።

ሌላው፣ ሄለን ካለችው ላይ የምጨምረው አለኝ። ዳታው ንጹህ ስለሚሆን ወንድምህ «እኔ በቀጥታ ከስቲም አስነሳዋለሁ» ይል ይሆናል። እንዳያደርገው። ስካይዩአይ የሚሠራው ኤስኬኤስኢ በሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፤ ኤስኬኤስኢ ደግሞ ከጌሙ ቨርዥን ጋር በትክክል መገጣጠም አለበት። ጌሙ ከስቲም ሲነሳ አዲስ አፕዴት ካለ ቀድሞ ያወርዳል። ያኔ ኤስኬኤስኢም፣ በእሱ ላይ የተደገፉት ሞዶችም ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ቤተዝዳ አፕዴት ሲለቅ የብዙ ሰው ሞድ የቆመው በዚህ ነው። ስቲም ላይ «ጌሙን ሳስነሳ ብቻ አፕዴት አድርግ» የሚለውን ምረጥ፤ ከዚያ ሁለታችሁም ከሞድ ኦርጋናይዘር አስነሱ። አንተ በኤስኬኤስኢ፣ እሱ በባዶው ፕሮፋይል።

ዮናስ ቴል አቪቭ

እዚህ ስለ ዋባጃክ ያነሳ የለም። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሙሉ የሞድ ስብስብ እንዳለ የሚጭን ፕሮግራም ነው፣ በሞድ ኦርጋናይዘር ላይ ይሠራል። ቮርቴክስም ኮሌክሽን የሚለው ተመሳሳይ ነገር አለው። አንድ በአንድ ከመልቀም ያድናል።

አቤል አዳማ

ዮኒ፣ ጥሩ ኔት ላለው ሰው እውነት ነው። ለናቲ ግን አልመክርም። ትልልቆቹ ስብስቦች መቶ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይበላሉ። የኔክሰስ ወርሃዊ ክፍያ ለማይከፍል ሰው ደግሞ ፍጥነቱ የተገደበ ነው፤ እያንዳንዱንም ሞድ በእጅ እየነካህ ነው የምታወርደው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ካርድ እዚህ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ስልሳ ሞድ ራሱ መርጦ ቢጭን ምን እንደጫነም ያውቃል።

ናቲ፣ ቴክስቸር ስታወርድ ሁለት ኬ ወይም አራት ኬ (የምስሉ ጥራት) የሚል ምርጫ ካለ ሁለት ኬውን ውሰድ። ለጥቅልህም ለላፕቶፕህም ይቀላል። ከጫንክ በኋላም ዚፑን አታጥፋ።

ማሂ ጎንደር

ይቅርታ፣ በመሀል ልግባ። እኔ የምጫወተው ስታርዱ ቫሊ ብቻ ነው። እነዚህ ለእኔም ያስፈልጉኛል?

ሄለን ሲልቨር ስፕሪንግ

አያስፈልጉሽም ማሂ። ስማፒ የሚባለውን የስታርዱ ሞድ ማስነሻ ጫኚ። ከዚያ ሞዶቹን ሞድስ የሚለው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱን በየፎልደሩ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እንደ ስካይሪም ፋይል በፋይል ላይ አይደራረብም፤ ማጥፋት ስትፈልጊ ፎልደሩን ታነሺዋለሽ። አንዱ ሞድ የሚፈልገው ሌላ ሞድ ከጎደለ ወይም አዲስ ቨርዥን ከወጣ፣ ጌሙ ሲነሳ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ ይጽፍልሻል።

ናቲ ሳሪስ (ጠያቂ)

አቤል ባለው መንገድ ዳታውን አጸዳሁት፤ ስቲም ያወረደው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ሞድ ኦርጋናይዘርን ዲ ላይ፣ ከጌሙ ፎልደር ውጪ ጭኜዋለሁ። ሁለቱ ፕሮፋይሎች ተከፍተዋል፤ ወንድሜ በራሱ እየተጫወተ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሌቭል 40 የደረሰ የድሮ ሴቭ አለኝ። እሱን በአዲሱ አደረጃጀት መቀጠል እችላለሁ?

ሄለን ሲልቨር ስፕሪንግ

ከባድ መልስ ነው፣ ግን አትቀጥልበት። ሴቭ ፋይሉ የድሮዎቹን ሞዶች ስክሪፕት (ትእዛዝ የያዘ ኮድ) በውስጡ ይዟል። ሞዱን ብታነሳውም ስክሪፕቱ ሴቩ ውስጥ ይቀራል። ዛሬ ቢከፈትልህም ከብዙ ሰዓት በኋላ ተልእኮ መሀል ሊቆምብህ ይችላል። ቴክስቸር ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር የለውም እልህ ነበር፤ የተልእኮ ሞዶችም ስለነበሩህ ግን አይሆንም። ሴቩን ኮፒ አድርገህ አስቀምጠውና አዲስ ገጸ ባህሪ ጀምር።

ስትጀምርም ስልሳውን በአንዴ አታብራ። ኤስኬኤስኢ፣ ስካይዩአይ እና የስህተት ማረሚያው አንኦፊሻል ፓች ይቅደሙ፤ ከጌምህ ቨርዥን ጋር የሚሄዱ መሆናቸውን እይ። ጌሙ በሰላም ከተነሳ አራት አምስት እየጨመርክ ዋይትራን ድረስ ሄደህ ሞክር። የሚዘጋ ከሆነ መጨረሻ ላይ ከጨመርካቸው ውስጥ አንዱ ነው፤ ስሞቹን እዚህ ጻፍልንና አብረን እናያለን።