የዬል ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳውን ለምን እምቢ አሉ?

የጦሳ ልጅ፦
ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ተማሪ «ውጣና ፓራቦላውን ሣል» ብለው ጠመኔውን እንደ ጨበጠ ቆሞ ቀረ። ደብተሩን ባያችሁት! ያንኑ ጎባጣ መስመር ቁልጭ አድርጎ ሥሎታል።

ያን ማታ አሜሪካ ስላለው ዬል ኮሌጅ አነበብሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1830 የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፓራቦላንና መሰል ጎባጣ መስመሮችን በሚያጠናው በኮኒክ ሴክሽን ትምህርት አመፁ። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹ መምህሩ ፊት ቆመው ሲያስረዱ የመጽሐፉን ሥዕል እያዩ ነበር። መምህራኑ ግን «መጽሐፉን ዝጉና ሥዕሉን ራሳችሁ ሰሌዳ ላይ ሣሉ» አሏቸው። አሻፈረን አሉ። ከ96ቱ 43ቱ ተባረሩ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጀረማያ ዴይ ደግሞ ራሱ የአልጀብራ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ ለሥዕል ሰነፎች እንደማይራራ መገመት አያቅትም።

እኔ ግን በልቤ ለተባረሩት አደላሁ። በዚያ ዘመን እኛ አገር ተማሪ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ ነበር? የምታውቁ ንገሩኝ።

ደረሳ የነበርሁ፦
አብሽሩ መምህር፣ የእኛ የደረሶች፣ የቁርዓን ቤት ተማሪዎች፣ ሰሌዳ ሉህ ነው። ከእንጨት የተጠረበ፤ ቀለሙ ጥላሸት፣ ብዕሩ መቃ። የቁርዓኑን ትምህርት እንጽፍበታለን፤ በቃላችን ካልያዝነው ግን ሉሁ አይታጠብም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ በቃሌ ሳልይዘው አጠብሁትና ሸኹ «በል አንብብ» ሲሉኝ እርጥብ እንጨት ይዤ ቀረሁ። የእርስዎን ልጅ ፊት አውቀዋለሁ።

ኪታብ፣ ማለትም የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። ሸኹ ዓረብኛውን እያነበቡ ቃል በቃል በአማርኛ ይፈቱልናል፣ ኪታቡም ተገልጦ ነው። ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) አንዱ ሸኽ ዘንድ፣ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሌላው ዘንድ እየዞሩ መቅራት፣ መማር ነው። የወሎዎቹ የትምህርት ቦታዎች ጃማ ንጉሥና ዳና በዚያ ክፍለ ዘመን ስማቸው የገነነው ደረሳ ከየአገሩ ስለሚጎርፍላቸው ነው።

የሐይቅ ዳር፦
ቅኔ ቤት ደግሞ ሰሌዳም መጽሐፍም የለም። ተማሪው ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለት ይደርሳል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይጀምራል። ቤት ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ከተፋለሰ መምህሩ እዚያው ያርማሉ፤ እርማቱም በጆሮ ነው የሚያዝ። አኮፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ብራና ከየት ያመጣል?

የጦሳ ልጅ፦
እርጥቡ ሉህ ሲያስቀኝ ዋለ፤ እናመሰግናለን። ዛሬ ልጁን መጀመሪያ ደብተሩ ላይ እንዲሥል፣ ቀጥሎ ደብተሩን ዘግቶ ለጎረቤቱ በቃሉ እንዲያስረዳ አደረግሁት። ከዚያ ሳልጠራው ራሱ ወጣ። የነጌቲቭ ምልክቷን ዘንግቶ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ፓራቦላ ሣለ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና በእጅጌው ጠርጎ ደፋው።