በነፃ የሚረዳ የለም?

መንገደኛ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ ተጋባዥ «የማያውቀውን ሰው በነፃ የሚረዳ የለም፣ ወይ ካሜራ አለ ወይ የሚፈልገው ነገር አለ» ብሎ ጋዜጠኛውም ዝም ብሎ አሳለፈው። በጣም ነው ያናደደኝ። ደረጃ ላይ ከነልጇ ከነሻንጣዋ የተቸገረች እናት አይቶ ሻንጣውን ተሸክሞላት ስሟን እንኳን ሳይጠይቅ የሚሄደው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ሳሚ፦ ሰውዬው ልክ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ ኒውዮርክ ላይ ኪቲ ጄኖቬዝ የምትባል ሴት ስትገደል 38 ሰው ቆሞ አይቷል፣ የምታወሩት ደግነት ያኔ የት ነበር?

ሊያ፦ ሳሚ ይሄን የ38 ሰው ወሬ ተወው እባክህ። ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ ያኔ ያወጣው ዘገባ ስህተት እንደነበረበት በ2016 እ.ኤ.አ ፅፏል። ጎረቤቷ ወርዳ እስከመጨረሻው አቅፋት ነው የቆየችው፣ እሷን ማን ከፈላት?

ሳሚ፦ ጎረቤቷ ናት አልሽ እኮ። ወሬያችን ስለማይተዋወቅ ሰው ነው።

ቤዛ፦ እሺ ስለማይተዋወቅ። በ2019 እ.ኤ.አ የወጣው የቦርሳ ጥናት፣ 40 አገር ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ቦርሳ «ወድቆ አገኘሁት» እያሉ ለእንግዳ ተቀባዮች ሰጡ። ብር የሌለበትን 40 ከመቶ ባለቤቱን ፈልገው ሊመልሱ ሞከሩ፣ ብር ያለበትን 51 ከመቶ። ጥቅም ቢሆን የሚፈልጉት ተገላቢጦሽ ነበር የሚሆነው።

ሳሚ፦ ራሱን ሌባ አድርጎ ላለማየት ነዋ። ህሊናው አረፈ አይደል? በቃ ተከፍሎታል።

መንገደኛ፦ «ተከፍሎታል» ያልካት ላይ ቁም። መርዳት ደስ የሚለው ሰውዬው ደግ ስለሆነ ነው፣ ለክፉ ሰው ያ ደስታ አይመጣለትም። አንተ ውጤቱን ወስደህ ምክንያት አደረግከው።

ሳሚ፦ ምንም በለው ደስታ ጥቅም ነው፣ ተከፍሎታል።

አቤል፦ እኔ ግን ሰውዬው ስለ ቲክቶከሮቹ ከሆነ የተናገረው አልፈርድበትም፣ የተራበ ሰው ፊት ካሜራ ደቅነው ምርቃት የሚያስቀርፁት

ቤዛ፦ አቤል ቢቀረፅም እኮ የበላው በልቷል

አቤል፦ የበላው በልቷል??? ቪዲዮው ዕድሜ ልኩን ነው የሚዞረው፣ ልጆቹ ሲያድጉ ያዩታል። እንደዛ ከመብላት ጦሙን ቢያድር የሚመርጥ ሰው አለ፣ ጠየቁት ወይ?

ቤዛ፦ ጦም ማደርን አንተ አትምረጥለት ወንድሜ

ሊያ፦ ኧረ ሁለታችሁም ከርዕሱ ወጣችሁ

ሄኖክ፦ እኔ የሚመስለኝ ጉዳዩ የክፍያም የካሜራም አይደለም፣ ጥድፊያ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ በወጣ ጥናት አሜሪካ ፕሪንስተን ላይ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሌላ ህንፃ ሲልኳቸው መንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው አስቀመጡ። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 ከመቶ ቆመው ረዱ፣ ረፍዶብሃል ከተባሉት 10 ከመቶ ብቻ። እነዚያም እነዚያም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ሳሚ፦ 10 ከመቶ! የሃይማኖት ተማሪ ሆነው! ስንት ሰዓት ሙሉ ምን እያልኩ ነው?

መንገደኛ፦ 63ቱን ለምን ዘለልካቸው? እነሱን ማን ከፈላቸው?

ሳሚ፦ ነገርኩህ፣ ህሊናቸው።

ሊያ፦ እንግዲህ ህሊና ካለ ምን ልታሸንፈን ነው የምትከራከረው?

ሳሚ፦ «በነፃ» የምትለዋን እስክትተዉ ድረስ

መንገደኛ፦ አልተዋትም