የምንገዛቸው የራስ ባትሪዎች (ግንባር ላይ የሚታሰሩ መብራቶች) ብሉቱዝ ይኑራቸው ወይስ ይቅርባቸው? (የዕቅድ ውይይት)

የዕቃ ኃላፊዋ፦ ሰላም ሁላችሁ። ለጉዞ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦ «ማኅበሩ አባላት እየተዋሱ የሚጠቀሙባቸው 12 የራስ ባትሪዎች ይግዛ። ሁሉም በብሉቱዝ ከስልክ የሚስተካከሉ ይሁኑ።»

ለምን ብሉቱዝ? ያለፈውን የሌሊት ጉዞ አስታውሱ። ግማሻችን ከመነሻው በሙሉ ድምቀት አበራንና ሌሊቱ ሳይጋመስ የባትሪ ድንጋይ ጨረስን። ከስልክ የሚስተካከል ቢሆን እቤቴ ቁጭ ብዬ 12ቱንም አንድ ዓይነት አደርጋቸዋለሁ። ከፍተኛውን ድምቀት ዝቅ አደርጋለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩም ቀድሜ አውቃለሁ። የፔትዝል ኩባንያ ናኦ ፕላስ የሚባለው ባትሪ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ሌድሌንሰር የሚባለው ኩባንያም በአፕ የሚታዘዙ አሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ብሉቱዝ ያለውንና የሌለውን ዋጋ ለየብቻ ጻፊልኝ። ጉባኤው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የመንገድ መሪው፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ነው። እዚያ ውስጥ ኔትወርክ አይታሰብም። ራስ ዳሸን ላይ ደግሞ ብርዱ ስልክ ያጠፋል፣ ጓንት አውልቆ ስክሪን መንካትም አለ። ስልኬ ሲሞት ባትሪዬ አብሮ ሊሞት ነው?

የዕቃ ኃላፊዋ፦ የለም ጋሼ፣ በቁልፉም ይሠራል። ስልኩ ለማስተካከያ ብቻ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ (አሜሪካ) አባል፦ እሱ «ብቻ» ላይ ልግባ። እኔ አንድ በአፕ የሚሠራ ነበረኝ፣ የማን ሥሪት እንደሆነ ይቅር። መጀመሪያ ኢሜይል አስገቢ፣ አካውንት ክፈቺ አለኝ። ለባትሪ! እሺ ብዬ ከፈትኩ። ማታ ለማንበቢያ እንዲሆነኝ ከፍተኛውን ድምቀት አደበዘዝኩት። በዓመቱ ስልክ ቀየርኩ፣ አፑን ብፈልገው የለም። ባትሪው ግን አለ፣ ምንም አልሆነም። እስከ ዛሬ እንደደበዘዘ ነው። ልጄ «የጸሎት መብራት» ትለዋለች።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ በረቂቁ ይግባ። ያለ አካውንት የሚሠራ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሁኔታ በራሱ ቁልፍ የሚመለስ።

የሶፍትዌር ሠራተኛው፦ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም። እነዚህ ባትሪዎች የሚጠቀሙት ጉልበት ቆጣቢውን ብሉቱዝ ነው። ባትሪው በየጊዜው «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ይጣራል። ጥሪውን በአካባቢው ያለ ማንኛውም ስልክ ይሰማል። ችግሩ ሲገናኙ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ወይም ባትሪ ስክሪን የለውም፣ የቁጥር መጻፊያም የለውም። ስለዚህ ኮድ ሳይጠየቅ ዝም ብሎ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ብሉቱዝ 4.2 የሚስጥር ቁልፍ ልውውጡን አጠንክሮታል፤ ሆኖም ስክሪን የሌለው ዕቃ የተገናኘው ስልክ የአንተ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

አዲሱ አባል፦ ወንድሜ፣ ተራራ ላይ ባትሪ ማን ሃክ ያደርጋል? ጅብ?

የሶፍትዌር ሠራተኛው፦ ሃሃ፣ ጅቡንስ ተወው። እኔ የምፈራው አንተን ነው። 12ቱ የጋራ ናቸው። ባለፈው ወር የተዋሰው ሰው ስልክ አሁንም ያውቀዋል። አንዱ ቀልደኛ አውቶብስ ውስጥ ሆኖ የሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ሳያውቅ የሌላውን ባትሪ ማስተካከያ የሚቀይርም አለ፤ 12 አንድ ዓይነት ስም ስልክህ ላይ ሲደረደር የትኛው የማን እንደሆነ በምን ትለያለህ?

ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሲንጋፖር የቴክኖሎጂና ዲዛይን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ የብሉቱዝ ቺፖች ላይ ያገኟቸውን ስዊንቱዝ የተባሉ ጉድለቶች ይፋ አድርገው ነበር። አንዳንዶቹ የተበላሸ መልእክት በመላክ ብቻ ቺፑ ሥራውን እንዲያቆም ያደርጉታል። የኛ ባትሪ ብርሃኑን የሚያዘው ያው ቺፕ ከሆነ አስቡት። አፕዴት ይመጣለታል ብሎ የሚምል ሰው ካለ ደግሞ ልስማው።

አፑንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ብራይተስት ፍላሽላይት የሚባለውን፣ ስልክን እንደ መብራት የሚያበራ አፕ ሠሪ ከሶ ነበር። አፑ የተጠቃሚዎችን መገኛ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ይልክ ነበር። እርግጥ አሮጌ አንድሮይድ ብሉቱዝ ለመፈለግ ብቻ እንኳ የመገኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መጠየቁ ብቻውን ወንጀል አይደለም።

የዕቃ ኃላፊዋ፦ ተቀጣሁ እንዴ? ግን የኔ ችግር አልተፈታም። ድምቀቱን ማን ይቆጣጠር?

የሶፍትዌር ሠራተኛው፦ አንዱሪል የሚባል፣ ባትሪው ውስጥ የሚጫን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ፤ ያለ ስልክ፣ በአንድ ቁልፍ ይሠራል። ጠፍቶ ሳለ ሦስቴ ሲጫኑት የድንጋዩን ጉልበት ያሳያል፣ አራቴ ሲጫኑት ቦርሳ ውስጥ እንዳይበራ ይቆልፋል። ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ክፍልም አለው፤ ከፍተኛው ድምቀት እዚያ አስቀድሞ ይወሰናል። አንቺ የምትፈልጊው ይሄንኑ ነው።

የመንገድ መሪው፦ ሦስቴ፣ አራቴ... በድንጋጤ ስንቴ እንደተጫነ ማን ይቆጥራል? እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ይብራ፣ ይጥፋ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ አባል፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔም መጀመሪያ ቀን ብልጭ ድርግም የሚለው ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ብሉቱዙ ሲቀመጥ ድንጋይ አይጨርስም?

የሶፍትዌር ሠራተኛው፦ እንደ አሠራሩ ነው። 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ድንጋይ 1 ሚሊአምፒር ያለማቋረጥ ቢወጣበት 125 ቀን ላይ ባዶ ነው። በደንብ የተሠራው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ይስባል። መጋዘን ስናስቀምጥ ድንጋዩን እናውጣው፣ አለቀ።

የዕቃ ኃላፊዋ፦ እሺ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሰዓትም አንመነው። ባትሪ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ኤፍኤል1 መለኪያ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው፤ «100 ሰዓት» ሲል መጨረሻው ላይ ክብሪት ነው። ራሳችን እንለካለን። የታረመው ይኸው፦

«ማኅበሩ 12 የራስ ባትሪዎች ይግዛ። ሁሉም ያለ ስልክ፣ በጓንት፣ በቁልፋቸው ብቻ ሙሉ በሙሉ ይሥሩ። ድንጋያቸው የሚወጣና 18650 የሚባለው የሚሞላ የሊቲየም ድንጋይ ይሁን። 10ሩ ብሉቱዝ አይኑራቸው። 2ቱ ለሙከራ ብሉቱዝ ይኑራቸውና መሪዎች ይያዟቸው፤ ብሉቱዛቸው ከባትሪው ላይ የሚጠፋ፣ አካውንት የማይጠይቅ፣ የቀድሞውን ስልክ በቁልፍ የሚያስረሱት ይሁን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የዕቃ ኃላፊ ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት ሁኔታ ትመልሳቸው።»

አዲሱ አባል፦ 2ቱም ለምን? ገንዘብ ማባከን ነው።

የዕቃ ኃላፊዋ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ኤርታ አሌን ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት ስንወጣ መሪው ድምቀቱን ለመንገዱ ማስተካከሉ ይጠቅማል። ጉባኤው ይወስን።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም ስለ 2ቱ እጠራጠራለሁ። ልዩነታችን እንዳለ ይጻፍ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ አባል፦ በሚቀጥለው ወር ስመጣ ሁለት ናሙና አመጣለሁ። ትርፍ ድንጋዮቹን በእጅ ሻንጣ ነው የምይዘው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ድንጋዩ 10.8 ዋት ሰዓት ነው፣ ወሰኑ 100 ስለሆነ ችግር የለም።

የመንገድ መሪው፦ ስትመጪ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት እንጦጦ እንገናኝ። የሱፍ ጓንቴን ይዤ እመጣለሁ፣ በሱ ካልበራ አልፈርምም።