ወይራ ቅጠል ላይ እብጠት የሚሠራው ትንኝ አዲስ ጂነስ ሊሆን ይችላል?

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከአንኮበር ወረድ ብሎ፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ዳር ያሉት ወይራዎች ቅጠላቸው አባብጧል። እብጠቱን ስሰነጥቀው ብርቱካንማ፣ እግር የሌለው ደቃቅ እጭ አገኘሁ። ሴሲዶሚይዴ ከሚባለው የትንኞች ቤተሰብ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ኢንተርኔት ላይ የሚመስለውን ፎቶ አጣሁ፤ ተማሪዎቼ ግን ከወዲሁ «አዲስ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) አገኘን» እያሉ ነው። ለመሆኑ አንድ ነፍሳት አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ጂነስ ነው የሚባለው በምንድን ነው? ከየት ልጀምር?

ነፍሳት አጥኚ፦
እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ይመስለኛል። ግን እጩን ሁሉ አልኮል ውስጥ አትጨርሺው፤ ከፊሉን አሳድጊው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እጭ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰው እጭ፣ ፑፓው (እጩ ክንፋም ትንኝ ከመሆኑ በፊት የሚያልፍበት ደረጃ)፣ ወንዱና ሴቷ ከአንድ ተክል፣ ከአንድ ዓይነት እብጠት ተገኝተው አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ትንኙ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ተዘጋጅቶ በማይክሮስኮፕ ነው የሚጠናው። የአንቴናው አንጓዎች፣ የክንፉ ጅማቶች፣ ጥፍሩ ጥርስ አለው የለውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወንዱ መራቢያ አካል ይታያል።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ ከእብጠቱ የወጣ ሁሉ እብጠቱን የሠራው አይደለም። እጩን በልተው የሚወጡ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች አሉ። ተርብ አራት ክንፍ አለው፣ ትንኝ ሁለት።

ወደ ጂነሱ ስንመጣ፣ እስካሁን ከ800 በላይ ጂነሶችና ከ6,600 በላይ ዝርያዎች ተገልጸዋል። መጀመሪያ ከእነዚህ ጋር ማመሳከር ነው። በሜዲትራንያን አካባቢ ዳሲኑራ ኦሌኤ የሚባል፣ የወይራ ቅጠል የሚያሳብጥ ትንኝ አለ። ከእሱ ጀምሪ። ዳሲኑራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች የታጨቁበት ጂነስ ነውና ያንቺም እዚያው ቢገባ አይገርመኝም። አዲስ ጂነስ የሚከፈተው ነባሮቹ ውስጥ ሊገባ ሲል የእነሱን መለያ የሚያፈርስ፣ የራሱ ብቻ የሆኑ በርከት ያሉ ባሕርያት ያሉት ነገር ሲገኝ ነው። አንድ እንግዳ ፀጉር ይዞ ጂነስ መክፈት ለቀጣዩ አጥኚ ዕዳ ማውረስ ነው፣ እኔ በበኩሌ አልደግፈውም።

የሸዋሮቢት ልጅ፦
ዲኤንኤውን ማስመርመር አይቀልም? እኛ ቆላ ላይ የማሽላ አበባ የሚያበላሸው ትንኝም የዚሁ ቤተሰብ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነፍሳት አጥኚ፦
አዎ ወንድሜ፣ የማሽላውም ዘመዳቸው ነው። ዲኤንኤውም ይጠቅማል፤ በተለይ እጩንና ክንፋሙን ትንኝ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ ነፍሳት ባርኮድ (ዝርያን ለመለየት በሚነበብ አጭር የዲኤንኤ ክፍል) ላይ የተመሠረተ ጥናት የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች በዓለም ላይ እስከ 1.8 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቷል፤ ስንቱን ገና እንዳላየነው አስቡት። ግን ባርኮድ ዝርያ ሲለይ ጎበዝ ነው፣ ጂነስ ለመወሰን ብቻውን አይበቃም።

ብዝኃ ሕይወት፦
መምህርት፣ ናሙናውን ውጭ አገር ከመላክዎ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ይመለከታል። የስያሜ ደንቡም ጥብቅ ነው። አዲስ ጂነስ ሲሰየም ዋቢ የሚሆነው ዝርያ ተለይቶ መጠቀስ አለበት፣ ዝርያውም አዲስ ከሆነ ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና ተመርጦ በታወቀ ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል። የጂነሱ ስም ደግሞ ከየትኛውም ሌላ የእንስሳት ጂነስ ስም ጋር ፍጹም አንድ መሆን የለበትም። ዝርያውን በቦታው መሰየም ግን ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተገለጸችው ወፋችን የአንኮበርን ስም ይዛ የለ!

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅርንጫፉን ቆርጬ ውሃ ውስጥ ላቁመው ወይስ ዛፉ ላይ እንዳለ በስስ ጨርቅ ልሸፍነው?

ነፍሳት አጥኚ፦
ሁለቱንም ሞክሪ። ዛፉ ላይ ያለው ቅጠሉ ስለማይጠወልግ የተሻለ ዕድል አለው። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ በታች ግን ዕቃ ውስጥ እርጥብ አፈር አድርጊ፤ ብዙዎቹ እጮች ከእብጠቱ ወጥተው አፈር ውስጥ ነው ፑፓ የሚሆኑት። አፈሩ እንዳይጨቀይ፣ ሻጋታ ይፈጅብሻል። ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ዓይነት በእርሳስ ጽፈሽ ወረቀቱን ከናሙናው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ክተቺው፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይጠፋል።