«ፊፍቲ ፊፍቲ» የሚል ተንታኝ ምን ተነተነ?

አወያይ፦ ዛሬ ለክርክር የማቀርበው ይሄንን ነው። ሊተነትን ተጋብዞ ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው «ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» ብሎ ማለፍ ይገባዋል? እኔ አይገባውም ባይ ነኝ። የቡናና የጊዮርጊስ ደርቢ በመጣ ቁጥር ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ጉዳት፣ ስለ ቅጣት አንድ ሰዓት ሙሉ ይወራል። ከዚያ አዘጋጁ «ታዲያ ማን ያሸንፋል?» ሲል መልሱ «ደርቢ ፊፍቲ ፊፍቲ ነው፣ ኳስ ድቡልቡል ናት» ይሆናል። ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ ለምን ነበር? ይሄ መሀል ሰፋሪነት ነው። ነገ ማንም ቢያሸንፍ «ብዬ ነበር» ለማለት የሚመች አነጋገር ነው። እስቲ እናንተስ?

የስታዲየም ሰው፦ አልስማማም። ከሱዳን ጋር የተጫወትነውን ረሳኸው እንዴ? ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመለስን። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አፉን ሞልቶ «ይሄ ያልፋል» የሚል ማነው? ፊፍቲ ፊፍቲ ያለ ሰው አልዋሸም።

አወያይ፦ ወንድሜ፣ ውጤቱ ተቀራረበ ማለት ዕድሉም እኩል ነበር ማለት አይደለም። የሲድኒን 10 ሺህ ሜትር አስታውስ። ኃይሌ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29። ልዩነቱ የሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ነው። ቴርጋት መጨረሻው ዙር ላይ ፈትለክ ብሎ ሲወጣ ያየ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የጨረሰው። ውድድሩን በኋላ ያየ ሰው «ፊፍቲ ፊፍቲ ነበር» ቢል አይገርመኝም። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን እይ። እ.ኤ.አ. 1995 ጎተንበርግ፣ 1996 አትላንታ፣ 1997 አቴንስ፣ 1999 ሴቪያ፣ ቴርጋት ባለበት አራቱንም ያሸነፈው ኃይሌ ነው። በሌላ በኩል ኃይሌ ሲድኒ የገባው የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ከርሞ ነው። ተንታኝ ማለት እነዚህን ሁለቱን መዝኖ «ጉዳቱ ያሳስበኛል፣ ሆኖም ወደ ኃይሌ አደላለሁ» የሚል ሰው ነው። ቢሳሳትም ምን ብሎ እንደተሳሳተ እናውቃለን።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ደግሞ አሜሪካ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ የምርጫ ውጤት በቁጥር የሚተነብየው ኔት ሲልቨር የኮምፒውተር ሞዴሉን 80,000 ጊዜ አስኬደው። ካማላ ሐሪስ ያሸነፈችው 40,012 ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ ፊፍቲ ፊፍቲ የለም። ከዚያ ትራምፕ ወደ ማን እንደሚያደሉ ያልታወቁትን ሰባቱንም ወሳኝ ስቴቶች ጠቅልሎ በስቴቶች ወኪል መራጮች ድምፅ 312 ለ 226 አሸነፈ። እዚህ ያለው ሐበሻ «እነዚህ ሰዎች ሲቀልዱብን ነው የከረሙት» ሲል ሰነበተ። አልቀለዱም። የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ በሁሉም ስቴት በአንድ ወገን ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ ዕድሉ እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ሰባቱንም ሊወስድ ይችላል፤ ይሄንንም ቀድመው ተናግረው ነበር። አወያይ፣ አንተ የምትለው ካልሠራ ሰው አፍ ሲወጣ ልክ ነው። ሠርቶ፣ ደምሮ ቀንሶ እኩል ሆኖ ያገኘው ሰው ግን ሌላ ምን ይበል? አድልቶ ይዋሽ?

ነርስ፦ እናንተ ስለ ኳስና ምርጫ ነው የምታወሩት። እኔ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው፣ ይሄ ቃል እዚያ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። አንድ አባት ከገጠር ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ማሽን ላይ ነው፣ ኩላሊቱ አልሠራ ብሏል፣ የደም ግፊቱን የያዘው መድኃኒት ነው። ሐኪሙን «ይተርፋል ወይ?» አሉት። «ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» ብሏቸው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። አባትየው ኮሪደር ላይ ያዙኝና «ሲስተር፣ ግማሹ ድኗል ማለት ነው አይደል? ወደ ግል ሆስፒታል ልውሰደው፣ በሬዎቹን እሸጣለሁ» አሉኝ። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው «ገና ምኑም አይታወቅም ለማለት ነው» አለኝ። ታዲያ እንደዚያ አይላቸውም ነበር? ኩላሊቱ መቆሙን፣ ግፊቱ በመድኃኒት መሆኑን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ ተስፋው ትንሽ መሆኑን መናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሐኪሙን ክፉ ነው አልልም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ግን ያ አባት ለሃምሳ በመቶ ብለው የዕርሻ በሬ ሊሸጡ ነበር።

የሒሳብ መምህር፦ እህቴ ያነሳችው ነገር በጥናትም የታየ ነው። ባሩክ ፊሽሆፍና ዋንዲ ብሩይን ደ ብሩይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች የአንድን ነገር ዕድል በመቶኛ ገምቱ ሲባሉ 50 ላይ ይከማቻሉ። ብዙዎቹ ግማሽ በግማሽ ማለታቸው አይደለም፣ «እንጃ» ማለታቸው ነው። በአንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ነገር ይነገራል። የኔት ሲልቨር 50 ብዙ ተሠርቶበት የመጣ ነው። የሐኪሙ 50 «እንጃ» ነው። ሰሚው ግን መለየት አይችልም፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቼም «ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም፣ ስለዚህ ፊፍቲ ፊፍቲ» ይሉኛል። ክረምትም በጋም መልሳቸው ያው ነው! ሁለት አማራጭ ስላለ ብቻ እኩል ይሆናል ብለው ነው የሚያስቡት።

የስታዲየም ሰው፦ ለሐኪሙ እሺ፣ ተረታሁ። እዚያ ሰው ንብረቱን ይሸጣል። ኳስ ላይ ግን አልለቅም፣ ተንታኙ ተሳስቶ ማን ይጎዳል?

ነርስ፦ ውርርድ ቤት የሚገባውን ወጣት ረሳኸው? ሬዲዮ ላይ ፊፍቲ ፊፍቲ ሲባል ሰምቶ ደመወዙን የሚያስይዝ አለ። የእኔም ታናሽ ወንድም አንዱ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ በዚህ ከነርሷ ጋር ነኝ። ብቻ ቃሉ ይታገድ አትበሉ። ከኋላው ምን እንዳለ ይነገር፣ ሠርቼ ነው ወይም አላውቅም ይባል።

አወያይ፦ ጥሩ፣ እኔም የምቀበለው ይሄንን ነው። ሙሉ በሙሉ ይቅር ማለቴን አንስቻለሁ። ተንታኙ ግን «አላውቅም» ማለት ካፈረ ገምቶ ይናገር።

የሒሳብ መምህር፦ ከተስማማን እንፈትነው። ተንታኞቹ ከጨዋታ በፊት የሚሉትን እዚህ በቁጥር እንጻፍ፣ 60 ይሁን 70። ሲጠራቀም፣ 70 ካሉባቸው ጨዋታዎች ከአሥሩ ወደ ሰባቱ ገደማ እንዳሉት መሆን አለባቸው። ሁሌ 50 የሚለውን ደግሞ ከመዝገቡ ለይተን እናያለን። እኔ ሰንጠረዡን አዘጋጃለሁ፣ የስታዲየም ሰው ሬዲዮውን ይከታተል።

የስታዲየም ሰው፦ እሺ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ። ግን አወያይም የራሱን ግምት ከጨዋታው በፊት ይጻፍ።