ክርክር፦ ሊንፓክ ብቻውን ለሱፐርኮምፒውተር ደረጃ ይበቃል?

ሂሩት፦ ቶፕ 500 ከ1993 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የዓለምን ፈጣን ማሽኖች ደረጃ ያወጣል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መለኪያው ሊንፓክ ነው። ማሽኑ ግዙፍ የእኩልታዎች ስብስብ ይፈታል፤ በሴኮንድ ስንት ስሌት እንደሠራ ይቆጠራል። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ።

ዳዊት፦ ለምን? የ1993ቱን ማሽን ከዛሬው ጋር ማወዳደር የቻልነው መለኪያው ስላልተቀየረ ነው እኮ።

ሂሩት፦ እሺ፣ ሁለቱን እያቸው። በ2022 የአሜሪካው ፍሮንቲየር በሊንፓክ 1102 ፔታፍሎፕስ አስመዘገበ (አንድ ፔታፍሎፕስ በሴኮንድ ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ነው)። የጃፓኑ ፉጋኩ 442 ነው። ኤችፒሲጂ በሚባለው መለኪያ ግን ፉጋኩ 16፣ ፍሮንቲየር 14። የቱ ነው ፈጣኑ?

ዳዊት፦ ከ442 ወደ 16? መለኪያው ራሱ ችግር አለበት በይኛ!

ሰሎሞን፦ ጉዳዩ ሜሞሪው ጋ ነው ዳዊት። ሊንፓክ አንዴ ያመጣውን ቁጥር ፕሮሰሰሩ አጠገብ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሠራበታል። ኤችፒሲጂ ላይ ማትሪክሱ፣ ማለትም የእኩልታዎቹ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ በአብዛኛው ዜሮ ነው። ቁጥሩ ከሜሞሪ ይመጣል፣ ተባዝቶ ይደመራል፣ አለቀ። ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለው እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ብዙ የፊዚክስ ሲሙሌሽንም እንደዚሁ ነው። የሚገርመው፣ በሁለቱም መለኪያዎች የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጃክ ዶንጋራ እጁ አለበት።

ዳዊት፦ ይሁን። ግን ሊንፓክን አታራክሱብኝ። እኛ ጋ ትንሽ ክላስተር፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሠሩ የተገናኙ ኮምፒውተሮች፣ ነበረች። ሁሉም ደህና መስሎን ሊንፓክን ለሰዓታት ለቀቅንባት። አንዱ ኖድ (ከኮምፒውተሮቹ አንዱ) እየጋለ ፍጥነቱን ሲቀንስ ያዝነው። ፋኑ ሞቷል። እሱ ሲንቀራፈፍ ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል።

ሂሩት፦ እሱ ምርመራ ነው፣ ደረጃ አይደለም።

ቤዛ፦ የረሳችሁት ነገር አለ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ውጤቱን ያስገባ ብቻ ነው። የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ብሉ ዋተርስ በ2012 አላስገባም ብሎ ቀረ፤ ሊንፓክ የእውነተኛ ሥራን አቅም አያሳይም በሚል። ደግሞ ለደረጃ ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከሜሞሪ ቀንሶ ፕሮሰሰር ላይ ያፈሰዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዳዊት፦ በቃ ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን ይውጣ። ግን በየትኛው እንደርድር?

ሂሩት፦ መደርደሩ ለምን አስፈለገ? ገዢው የራሱን ፕሮግራም ይዞ ሄዶ ይለካ።

ዳዊት፦ ገና ያልተሠራ ማሽን ላይ? ትልልቆቹ እኮ የሚታዘዙት ቺፑ ሳይወጣ ነው።