እየሰማን የማንሰማው፦ የወንጌል ምሳሌዎች ሊጠኑ ነው ወይስ ሊኖሩ የተሰጡን?

ርእሱን የከፈተው፦ በግልጽ ልናገር። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ፣ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑ አይቶት ሲያልፍ ሳምራዊው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ያነሣበትን፣ ስንት ጊዜ እንዳጠናነው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዘይቱ ምንድን ነው፣ ወይኑስ ምንን ያመለክታል እያልን ሰዓቱ ያልቅና ጸልየን እንበተናለን። የወደቀውን ሰው ግን ማንም ቀና አያደርገውም። አቋሜ ይህ ነው፤ ጥናቱ ይቅርና ሥራው ይጀመር። ጌታ «ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለ እንጂ «ሂድና ተንትን» አላለም። የሚቃወም ካለ ይምጣ።

ነርሷ፦ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ደሙ የሚፈስ ሰው ትርጓሜ አይጠይቅህም። አውግስጢኖስ ቁስለኛውን አዳም፣ ሳምራዊውን ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ባለቤቱን ደግሞ ጳውሎስ ብሎ ተርጉሞታል። ደስ ይላል። ግን ሁሉም ቦታ ከተያዘ ለእኔ የተረፈኝ ሥራ ምንድን ነው?

መምህር፦ ልጄ፣ አዳም እኛው አይደለን? አንቺ የረዳቱን ቦታ ፈልገሽ የቁስለኛውን ዘለልሽው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ጆሮው ደነቆረ ማለታችን አይደለም፤ እሺ አይልም ማለታችን ነው። የዕብራይስጡ «ሸማዕ»ም መስማትንና መታዘዝን ባንድነት ይይዛል። ስለዚህ ርእሱ ገና ከመነሻው የማይለያየውን ለያይቷል። በዘሪው ምሳሌ ዘሩ ቃሉ፣ መሬቶቹም ሰሚዎቹ ናቸው፤ አራቱም መሬቶች ላይ ዘር ወድቋል፣ አራቱም ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ማርቆስ የምትሰሙትን ልብ በሉ ሲል፣ ሉቃስ ያንኑ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደምትሰሙ ልብ በሉ ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔ ከሉቃስ ጋር ነኝ።

ርእሱን የከፈተው፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁልጊዜ የምናመልጠው በቃላት ትርጉም በኩል ነው። በጭንጫ ላይ የወደቀውም ቃሉን «በደስታ» ተቀብሎ ነበር፤ ሥር ግን አልነበረውም። ያ እኛ ነን! እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ «ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ይነበብ ነበር። አትናቴዎስ እንደጻፈው ወዲያው ወጥቶ ከወላጆቹ የወረሰውን 300 አሩራ (የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። የጥናት ቡድን አልጠበቀም።

ነርሷ፦ ታናሽ እህት ነበረችው አይደል? እሷንስ ምን አደረጋት?

መምህር፦ መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ አስቀረላት። ኋላ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሲሰማ ያንንም ሰጥቶ እሷን ለደናግል አደራ አላት። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እኔንም ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ነገር ግን አትናቴዎስ ከዚያ በፊት የጻፈው አይዘለል። እንጦንስ በመንገድ ላይ ሐዋርያት ሁሉን ትተው እንዴት እንደተከተሉ እያሰላሰለ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባው። መሬቱ ታርሶ ነበር።

ተማሪዋ፦ እኔ ለዓመታት የካህኑ ጠበቃ ነበርኩ። ዘሌዋውያን 21 ካህን ከቅርብ ዘመዱ በቀር ለሞተ ሰው እንዳይረክስ ይከለክላል። ሰውየው ደግሞ በሕይወትና በሞት መካከል ነው የተጋደመው። እንግዲህ ካህኑ ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ንጽሕናውን ሊጠብቅ አስቦ ይሆናል እል ነበር። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ሳነብ ግን አንዲት ግስ ያዘችኝ፤ ካህኑም በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር ይላል። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢያሪኮ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱም ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። እየወረደ ከነበረ ቤተ መቅደሱ ከኋላው ነው። ሕጉ ቀረለት አልልም፤ ለአገልግሎት ቸኩሎ ነው የሚለው ሙግቴ ግን እዚያው ፈረሰ። ያፈርኩትም በራሴ ነው፤ ሥራ ይዣለሁ የምለው አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ነውና። ይህን ያገኘሁት እኮ ወንድሜ «ይቅር» ባልከው ጥናት ነው።

ነርሷ፦ እንዲህ ከሆነ እኔም ልናዘዝ። ሳምራዊው በማግስቱ ሄዷል። ሁለት ዲናር፣ ማለትም የሁለት ቀን ደመወዝ ከፍሎ፣ ለማደሪያው ባለቤት አደራ ሰጥቶ፣ የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ «አድርግ» የሚለውን ብቻ ይዤ በማግስቱ መሄድ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ አጥቼ፣ ሰው ሁሉ አስጠልቶኝ ነው የቆምኩት። አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ማድረግ ይቀድማል፤ ብቻ ምን እንዳደረገ እስከ መጨረሻው ይነበብ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሁላችሁም ደጉን ሳምራዊ ላይ ተከማችታችኋል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ በእሱ ውስጥ ሁላችንም ደግ እንሆናለን። ምሳሌ እንኑር ከተባለ ማቴዎስ 18ን እንሞክር። ባሪያው ለንጉሡ እልፍ መክሊት አለበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር፣ ዲናር ደግሞ የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ማለት ነው፤ በማንም ዕድሜ አይከፈልም። ንጉሡ ግን ተወለት። ባሪያው ወጥቶ ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ፤ ባልንጀራው ለእሱ ያለበት 100 ዲናር ነው። ሰባኪዎች ይህን «ኢምንት» ይሉታል። አልስማማም። ከሦስት ወር በላይ የለፋችሁበት ገንዘብ ነው። ጌታ ትንሿን ዕዳ ተዉላት ቢል ኖሮ ቀላል ነበር፤ የሚያመውን ዕዳ ነው የጠራው።

መምህር፦ ይህን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ተባረክ።

ለርእሱ ባለቤትም አንድ ነገር ልበል። ነቢዩ ናታን የሰው ሚስት ለወሰደው ለንጉሥ ዳዊት ሀብታሙ የድሃውን አንዲት በግ ነጠቀ ብሎ ሲነግረው ዳዊት ተቆጣ፣ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎም ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ መስማት ግን ገና አልጀመረም። አንተም ስትጀምር የወደቀውን «ማንም» ቀና አያደርገውም አልክ። ከማንም ውስጥ አንተ አለህበት?

ርእሱን የከፈተው፦ ከትናንት ጀምሮ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነበር። አሁን በርዶልኛል።

ገንዘብ ያበደርኩት የእናቴ ልጅ አለ። ካልተነጋገርን ሁለት ዓመት አለፈን። እውነት ለመናገር 100 ዲናር ብዙ ነው የሚለውን ባላነበብኩት እመርጥ ነበር፤ እስካሁን ማቴዎስ 18ን የማልፈው «የእኔ ትንሽ ስላልሆነ ነው» እያልኩ ነው። ግን ልጠይቅ፣ ለማምለጥ አይደለም። ያ ባልንጀራ እግሩ ላይ ወድቆ «ታገሠኝ» ብሏል። ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ አልተበደርኩም ነው የሚለው። ሉቃስ 17 «ቢጸጸት ይቅር በለው» ይል የለም?

ተማሪዋ፦ ይላል። ማርቆስ 11 ላይ ግን ለጸሎት ስትቆሙ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል፤ እዚያ የበዳዩ ጸጸት አልተጠቀሰም።

መምህር፦ ሁለቱም ተጽፈዋል። አንዱን በሌላው አልሰርዝም፤ አንተም አትሰርዝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔ ይቅርታንና ዕዳ መሰረዝን ለይቼ ነው የማያቸው። ቂሙን ተወው፣ ሰነዱን ግን ያዝ። ይህ ኃጢአት አይመስለኝም።

ነርሷ፦ በምሳሌው ንጉሡ እኮ ዕዳውን ራሱን ነው የተወለት።

ርእሱን የከፈተው፦ ሰነድ የለም። የእናቴ ልጅ ነው፣ ምን ብዬ አስፈርመዋለሁ?